ሳንቲም፣ ቀን፣ ወር፦ ለኮምፒውተሩ ሁሉም ቁጥር ነው

ፕሮግራመር ነኝ ስል ሰው ቶሎ የሚታየው ሮቦት ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። የኔ ሥራ የቁጠባና ብድር ማኅበራት ሒሳባቸውን የሚይዙበትን ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ቀኔን የሚበላውም ከሁለት ቁጥር ትልቁን መምረጥ፣ ቁጥር ማካፈል፣ ቁጥርን ከአንድ መልክ ወደ ሌላ ማዛወር ነው፤ የአራተኛ ክፍል ተማሪ የማይፈራው ሒሳብ። እነዚህን ነገሮች በየቦታው እንዳንደጋግማቸው አንዴ ጽፈን፣ ስም ሰጥተን፣ ባስፈለገን ጊዜ እንጠራቸዋለን። ሄልፐር ፈንክሽን ይባላሉ፤ እኛ ሄልፐር ብለን እናሳጥረዋለን። ትልቁን የሚሰጥ «ማክስ»፣ ትንሹን የሚሰጥ «ሚን»፣ የመቀነስ ምልክት የሚያነሳ «አብስ»፤ እያንዳንዳቸው ከሦስትና ከአራት መስመር አይበልጡም። ለሥራ ቃለ መጠይቅ የመጣ ልጅ «እስቲ ማክስን ጻፍልን» ቢባል የተናቀ ይመስለዋል።

እኔ ግን አንድ ፕሮግራም የሚታመን መሆኑን ማወቅ ስፈልግ መጀመሪያ የምከፍተው እነዚህ የተቀመጡበትን ፋይል ነው። ቁጥር ማንነቱን የሚያጣው ብዙውን ጊዜ እዚያ ነው።

ኮምፒውተር ቁጥር የሚያስቀምጠው ስፋቱ አስቀድሞ በተወሰነ ቦታ ነው፦ 8 ቢት፣ 16 ቢት፣ 32 ቢት ወይም 64 ቢት። አንድ ኪሎ በሚይዝ ጣሳ ላይ ሁለት ኪሎ ጤፍ ብትገለብጡ ትርፉ ይፈሳል፤ መሬት ላይ ስለሚታይም ታፍሳላችሁ። ቦታው የሞላበት ቁጥር ግን አይፈስም። ዞሮ ከታች ይጀምራል። ገንዘብ የምናስቀምጠው በሳንቲም ነው እንበል፤ 32 ቢት የሚይዘው ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው፣ ማለትም 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም። በዚህ ላይ አንዲት ሳንቲም ስትጨመር ሒሳቡ የሚያሳየው 21,474,836 ብር ከ48 ሳንቲም ዕዳ ነው። እኔ በምጽፍበት ቋንቋ ፕሮግራሙ አይቆምም፣ ማስጠንቀቂያም አያወጣም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የአሜሪካ ፌደራል አቪዬሽን አስተዳደር ስለ ቦይንግ 787 ያወጣው መመሪያም መነሻው ይኸው የሞላ ቆጣሪ ነበር። አየር መንገዳችን ከአፍሪካ ቀድሞ የተረከበው ድሪምላይነር ማለት ነው። ጀነሬተሮቹን የሚቆጣጠረው መሣሪያ ሳይጠፋ 248 ቀን በተከታታይ ከሠራ በውስጡ ያለው ቆጣሪ ሞልቶ አውሮፕላኑ ኤሌክትሪክ ሊያጣ እንደሚችል በቤተ ሙከራ ተደረሰበት። መፍትሔው እስኪመጣ ድረስ የታዘዘው በየጊዜው ማጥፋትና ማብራት ነበር። በመቶኛ ሰከንድ የሚቆጥር 32 ቢት ቆጣሪ በስንት ቀን እንደሚሞላ ካልኩሌተር ያለው ሰው ያስላው፤ 248 ቀን ተኩል ገደማ ይመጣለታል።

ስፋቱን ማስተካከል ቀላል ነው። 64 ቢት ሲሆን ከ92 ሺህ ትሪሊዮን ብር በላይ ይይዛል፤ የትኛውም ማኅበር ያንን አይሞላም። እኔን የሚያሳስበኝ ቁጥሩ የምን ቁጥር እንደሆነ ነው። 30 ሲባል ሠላሳ ሳንቲም ነው? ሠላሳ ቀን? የአባል ቁጥር? ለማሽኑ ሦስቱም አንድ ናቸው።

እዚህ ላይ ነው ኮምፓይለር የሚገባው። ኮምፓይል በሚደረግ ቋንቋ የተጻፈ ፕሮግራም ሥራ ከመጀመሩ በፊት ኮምፓይለር የሚባል ሌላ ፕሮግራም ኮዱን ከዳር እስከ ዳር አንብቦ ወደ ማሽን ትእዛዝ ይለውጠዋል። ሲያነብም እያንዳንዱ ቁጥር የተሰጠውን ዓይነት፣ እኛ ታይፕ የምንለውን፣ ያመሳክራል። ካልተስማማው ፋይሉንና መስመሩን ጠቅሶ ይመልሳል፤ የተመለሰ ኮድ ደግሞ ደንበኛ ዘንድ አይደርስም።

ሁሉም ኮምፓይለር እኩል አይቆጣም። ሲ ቋንቋን ውሰዱ። ከዜሮ በታች መሆን የሚችል ቁጥርና የማይችል ቁጥር ሲነጻጸሩ ሲ የመጀመሪያውን በዝምታ ወደ ሁለተኛው ዓይነት ይቀይረዋል። ስለዚህ «ኔጌቲቭ አንድ ከአንድ ያንሳል?» ተብሎ ሲጠየቅ «አያንስም» ብሎ ሊመልስ ይችላል፤ ኔጌቲቭ አንድ ሲቀየር 4,294,967,295 ሆኖ ይቆጠራልና። ልጁ ሲ++ ይህንን ወርሶ ኖሮ እ.ኤ.አ. በ2020 በወጣው ደረጃው «የቱ ያንሳል» የሚለውን ብቻ በትክክል የሚመልሱ ሄልፐሮች ጨመረ። ሲ ከተፈጠረ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሊሞላው ሲል መሆኑ ነው።

እኔ የምጽፈው በ«ጎ» ነው። ጎግል ውስጥ ሮበርት ግሪስመር፣ ሮብ ፓይክና ኬን ቶምፕሰን ጀምረውት እ.ኤ.አ. በ2009 ለሕዝብ ይፋ የሆነ ቋንቋ ነው። «ጎ» በዝምታ መቀየር የሚባል ነገር አያውቅም። 32 ቢት ቁጥርን ከ64 ቢት ጋር ልደምር ብትሉ እንኳ ቀያሪውን በግልጽ ጻፉ ይላል። ሲጀምሩት ያበሳጫል፤ እኔ አሁን ያለሱ መሥራት አልፈልግም።

ይሁንና ግትርነቱ ዋጋ ነበረው። ለሁሉም የቁጥር ዓይነት የሚሆን አንድ «ማክስ» መጻፍ አይቻልም ነበር። ከቋንቋው ጋር የሚመጣው ላይብረሪ ያለው «ማክስ» የሚቀበለው ፍሎት64 የሚባለውን የነጥብ ቁጥር ብቻ ነው። ፕሮግራመሩ ለየዓይነቱ አንድ አንድ ማክስ ይገለብጣል፤ ከሰነፈ ደግሞ ሙሉ ቁጥሩን ወደ ፍሎት ቀይሮ፣ አወዳድሮ፣ መልሶ ይቀይረዋል።

ሁለተኛው መንገድ የሚሠራ ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል። ፍሎት64 ሙሉ ቁጥሮችን አንድ በአንድ ሳይዘል የሚይዘው እስከ 9,007,199,254,740,992 ነው። ከዚያ በላይ መዝለል ይጀምራል፤ መጨረሻው 993 የሆነውን ስታስገቡ 992 ይወጣል። ለገንዘብ ሩቅ ነው ትሉ ይሆናል። ነገር ግን 17 አሃዝ ያለው መለያ ቁጥር በቀላሉ ያልፈዋል። ትዊተር እ.ኤ.አ. በ2010 የጽሑፎቹን መለያ ቁጥር ሲያስረዝም ችግሩ አጋጥሞት ያንኑ ቁጥር በፊደል መልክም ደግሞ መላክ ጀመረ፤ ጃቫስክሪፕት ቁጥሩን ሲያነብ የመጨረሻዎቹን አሃዞች ያበላሽ ነበርና።

የ«ጎ» መድኃኒት የመጣው እ.ኤ.አ. በማርች 2022፣ በ1.18 እትሙ ነው። ጄኔሪክስ ይባላል። ያረቀቁት ኢያን ላንስ ቴይለርና ራሱ ግሪስመር ናቸው። በቀላሉ፣ ሄልፐር ስጽፍ «የምትቀበለው ዓይነት የትኛውም ይሁን፤ ብቻ ሁለቱም አንድ ዓይነት ይሁኑ፣ የምትመልሰውም ያንኑ ይሁን» ማለት ቻልሁ። በቀጣዩ ዓመት ኦገስት በ1.21 እትም ማክስና ሚን ራሱ ቋንቋው ውስጥ ገቡ። ከሁለት ቁጥር ትልቁን ለመምረጥ ወደ አሥራ አራት ዓመት ፈጀ ብለው የሳቁ ነበሩ። እኔም ስቄያለሁ፤ ቢሆንም ቸኩለው ፍሎቱን ብቻ ይዘው ከመቅረት ይሻላል።

ለኛ ምን እንደቀየረ ላሳይ። ኮዳችን መግቢያ ላይ ሳንቲም የሚባል ታይፕ አለ፤ መሠረቱ 64 ቢት ሙሉ ቁጥር ነው። ቀን የሚባልም አለ፤ መሠረቱ ያው ነው። በማሽኑ ዓይን መንታ ናቸው። ለኮምፓይለሩ ግን ባዕድ ለባዕድ ናቸው። የብድር ወለድ የሚያሰላው ፈንክሽን መጀመሪያ ሳንቲም፣ ቀጥሎ ቀን ይጠይቃል፤ አንድ ሰው ሁለቱን አቀያይሮ ቢያስገባ ኮምፓይለሩ እዚያው ይይዘዋል። ቀድሞ ግን ሳንቲሙ በአሮጌው ማክስ ውስጥ አልፎ ሲወጣ ተራ ቁጥር ሆኖ ነው የሚወጣው፤ ስሙ ተገፍፏል። ከዚያ በኋላ ተራውን ቁጥር ቀን ነህ ብሎ መጥራት የአንድ ቃል ሥራ ነው። አሁን ሳንቲም ገብቶ ሳንቲም ይወጣል። ለዚህ የምንጽፈው ተጨማሪ ነገር አንዲት የሞገድ ምልክት ናት፤ «መሠረቱ 64 ቢት ይሁን እንጂ ስሙ የፈለገውን ይሁን» ማለት ናት። ሳንቲምንና ቀንን አንድ ላይ ለማክስ ብሰጠውስ? አይቀበልም።

ይህም ጎዶሎ አለው። ሳንቲም በሳንቲም ሲባዛ «ጎ» ውጤቱን ሳንቲም ይለዋል፤ የሳንቲም ስኩዌር የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም። ኤፍ ሻርፕ የሚባለው ቋንቋ መለኪያዎችን እስከ ማባዛትና ማካፈል ድረስ ይከታተላል። በዚህ በኩል እቀናበታለሁ።

ጥብቅ ቋንቋ መያዝ ብቻውንም አያድንም። ግንቦት 27 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ በፈረንጆቹ ጁን 4 ቀን 1996፣ አሪያን 5 ሮኬት ለመጀመሪያ ጊዜ በፈረንሳይ ጉያና ከምትገኘው ኩሩ ተተኮሰች። 40 ሰከንድ ገደማ እንደሆናት አቅጣጫዋን ስታ ተበታተነች፤ የጫነቻቸው አራቱ የክላስተር ሳተላይቶችም አብረው ጠፉ። ሶፍትዌሩ የተጻፈው በአዳ ነበር፤ በታይፕ ጉዳይ ከአዳ የሚጠነክር ቋንቋ ያኔ ማግኘት ይከብዳል። በሒሳብ ሊቁ ዣክ ሉዊ ሊዮንስ የተመራው አጣሪ ቡድን እንዳገኘው፣ ከጎን ፍጥነት ጋር የተያያዘ አንድ 64 ቢት የነጥብ ቁጥር ወደ 16 ቢት ሙሉ ቁጥር ሲቀየር አልተቻለም። 16 ቢት የሚይዘው እስከ 32,767 ነው፤ የመጣው ቁጥር ከዚያ በለጠ።

ሁልጊዜ የሚነገረው እስከዚህ ድረስ ነው። ሪፖርቱን ያነበበ ሰው ግን የሚቆጨው ሌላ ነገር ያገኛል። ሊሞሉ ይችላሉ የተባሉ ሰባት ቫሪያብሎች ነበሩ። አራቱ መከላከያ ተደረገላቸው፤ ሦስቱ ግን ታስቦበት ተተዉ። የኮምፒውተሩ ጫና ከ80 በመቶ እንዳይበልጥ ተፈልጎ ነበርና፣ እነዚህ አይሞሉም ተባለ። አባባሉም ለአሪያን 4 ልክ ነበር፤ ኮዱ የተወሰደው ከሷ ነው፤ እሷ ደግሞ በዚያ የበረራ ደረጃ ወደ ጎን እንዲህ አትፈጥንም። ይባስ ብሎ ያ ስሌት ለአሪያን 5 ከተነሳች በኋላ ምንም ጥቅም አልነበረውም። መጠባበቂያ ኮምፒውተር አልነበረም ወይ? ነበር። ያንኑ ሶፍትዌር ስለጫነ ከዋናው ጥቂት ቀደም ብሎ በዚያው ምክንያት ወድቋል።

ስለዚህ የቋንቋ ጥብቅነት የሚለካው ቁጥር ከአንድ ዓይነት ወደ ሌላ በሚሻገርበት በር ላይ ነው። በዚህ በኩል ሩስት የሚባለው ቋንቋ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 አንደኛ እትሙ የወጣው፣ የምወደው ልማድ አለው። መደመርን በተለያየ ስም ያቀርባል። አንዱ መሙላት አለመሙላቱን አይቶ ከሞላ «የለም» ይላል፣ ሌላው አውቆ ዞሮ ከታች ይጀምራል፣ ሦስተኛው ጣሪያው ላይ ይቆማል። ፕሮግራመሩ የቱን እንደፈለገ በስም ይጽፋል፤ በኋላ የሚያነበው ሰውም ሐሳቡን ያያል። ጣሪያ ላይ የሚቆመው ለድምፅ መጠን ግሩም ነው። ለገንዘብ ሲጽፈው ያገኘሁት ሰው ግን ከኔ ጋር አይሠራም፤ ሒሳቡ ሞልቶ ቀጥ ብሎ ቆሞ፣ የሚገባው ገንዘብ ሁሉ ሲሰወር ማንም አያውቅም።

የሩስት አብስም እንዲሁ የታሰበበት ነው። በ8 ቢት ከዜሮ በታች እስከ ኔጌቲቭ 128 ይሄዳል፤ ከዜሮ በላይ ግን 127 ላይ ያበቃል። የኔጌቲቭ 128 ምልክት ቢነሳ 128 ነው፤ 128 ደግሞ በዚያ ቦታ የለም። «ጎ» ውስጥ እንደነገሩ የተጻፈ አብስ ኔጌቲቭ 128ን ተቀብሎ ኔጌቲቭ 128 ይመልሳል። ሥራው ምልክት ማንሳት ብቻ የሆነ ፈንክሽን! ሩስት ከዜሮ በታች ወደማያውቅ ዓይነት አሻግሮ 128 ብሎ የሚመልስ ለብቻው አለው።

ከሁለት ቁጥር መካከለኛውን ማግኘትስ? ደምሮ ለሁለት ማካፈል። ጆሹዋ ብሎክ እ.ኤ.አ. በ2006 እንደጻፈው እሱ ራሱ የጻፈው የጃቫ የፍለጋ ኮድ ዘጠኝ ዓመት ያህል ያንን አደረገ፤ ዝርዝሩ በጣም ሲረዝም ድምሩ ከ32 ቢት ያልፍና ከዜሮ በታች ይወርዳል። ልዩነቱን ለሁለት አካፍሎ በትንሹ ላይ መጨመር ነበር የሚሻለው። ሲ++ም በ2020 ደረጃው ለዚህ ብቻ የሚሆን ሄልፐር አስገብቷል።

እነዚህ የፈረንጅ ችግሮች ናቸው እንዳይባል ወደ ቀን መቁጠሪያችን ልምጣ። «ጎ» የወር ታይፕ አለው፤ መሠረቱ ግን ተራ ሙሉ ቁጥር ስለሆነ 13 ብትሰጡት ይቀበላል። ቀን የሚሠራው ፈንክሽን ደግሞ ቸር ነው፤ ከልክ ያለፈውን አያስቀርም፣ ወደ ሚቀጥለው ያሻግረዋል። ጳጉሜን 5 ቀን 2016ን በቀጥታ ብታስገቡ፣ ዓመት 2016፣ ወር 13፣ ቀን 5፣ ጃንዋሪ 5 ቀን 2017 ብሎ ይመልሳል። የወሩን ቁጥር እንዳለ ወስዶ በኛ የወር ስም የሚያሳይ ስክሪን ላይ መስከረም 5 ቀን 2017 ሆኖ ይወጣል። የአምስት ቀን ልዩነት ብቻ! ዓመታት ቢዘል ማንም ያየው ነበር። ጥቅምት 30 ቀን 2016ም እንደ ፌብሩዋሪ 30 ተቆጥሮ ማርች 1 ይሆናል፤ ሲመለስ ኅዳር 1። የብድር መክፈያ ቀን ላይ አንድ ቀን ማለት አንዱን ባለዕዳ ከቅጣት ማዳን ወይም ቅጣት ውስጥ መክተት ነው።

መድኃኒቱ የኢትዮጵያን ቀን ለብቻው ታይፕ ማድረግ ነው፤ ከፈረንጁ ቀን ጋር ኮምፓይለሩ እንዳያቀላቅለው። የሚፈጠርበት ሄልፐር አንድ ብቻ ነው፤ ወር ከ1 እስከ 13 መሆኑን፣ ጳጉሜን በዚያ ዓመት አምስት ናት ስድስት የሚለውን አይቶ ካልሆነ ስሕተት ይመልሳል። አዳ ቢሆን «ከ1 እስከ 13» የሚለውን ታይፑ ላይ ራሱ መጻፍ ይቻል ነበር። «ጎ» ላይ በእጅ ነው።

ማካፈል ላይ ኮምፓይለር ፈጽሞ የማይመልሰው ጥያቄ አለ። የአንድ ማኅበር ሒሳብ ሹም፣ ትልቅ ሰው ናቸው፣ 100 ብር ለሦስት አባላት ሲከፈል ሪፖርቱ ላይ 33.33 ሦስት ጊዜ ተጽፎ አይተው ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይቺ የቀረችው አንዲት ሳንቲም የማን ናት?»

«ጋሼ፣ ደንባችሁ ምን ይላል?»

«ደንቡማ ዝም ብሏል።»

በመጨረሻ ወደ መጠባበቂያ ትግባ ተባለ። የማካፈያ ሄልፐራችን ድርሻውንና ቀሪውን ሁለቱንም ይመልሳል፤ «ጎ»ም የተመለሰን ነገር ስም ሰጥተው ካልተጠቀሙበት ኮምፓይል አያደርግም። ቀሪውን መተው የፈለገ ሰው መተዉን በግርጌ ሰረዝ (_) በግልጽ መጻፍ አለበት። ኮድ ስንገመግም ያንን ሰረዝ እንፈልጋለን።

የቀረው ችግር ከውጭ የሚገባው ቁጥር ነው። ማኅበራቱ የድሮ መዝገባቸውን በኤክሴል ይልኩልናል። መዝገቡ ላይ ብርና ሳንቲም ለየብቻ አምድ አላቸው፤ ወደ ኤክሴል ሲገለበጥ 12 ብር ከ5 ሳንቲም 12.5 ተብሎ ይጻፋል፣ 12 ብር ከ50ም እንዲሁ። ለኮምፒውተር ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ኮምፓይለሩም ሥራውን ጨርሶ ከሄደ ቆይቷል። ስለዚህ ጽሑፍን ወደ ሳንቲም የሚቀይረው ሄልፐር ከነጥብ በኋላ በትክክል ሁለት አሃዝ ካላገኘ አይገምትም፤ የመስመሩን ቁጥር ጠቅሶ ፋይሉን ይመልሳል። ጸሐፊዎቹ መጀመሪያ ላይ ተቆጥተው ስልክ ይደውሉ ነበር። አሁን አንዳንዶቹ 12.05 ብለው መላክ ጀምረዋል፤ የቀሩት ፋይሉ ሲመለስላቸው ያርሙታል።